የፍጥረት ሕግና የእግዚአብሔር መግቦት

ጠዋት በቅዳሴ የሚራዳ፥ ለካህኑም የጽናውን ፍም የሚያሰናዳ፥ ከቀትር በኋላ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ አንድ ወጣት ዲያቆን ወደ እኛ መጥቶ ጥያቄ አቀረበልን። የፊዚክስ መምህሩ በክፍል ውስጥ ድንጋይ ለቅቀው እያሳዩ፥ ማናቸውም አካል የሚወድቀው በመሬት ስበት እንደ ሆነ፥ የሚወድቅበትም ፍጥነት አስቀድሞ በቍጥር ሊታወቅ እንደሚችል አስተምረውት ነበር። ልጁ ይህን በቤቱ ላሉት አረጋዊ ዘመዱ ቢነግራቸው፥ «ልጄ፥ ሁሉን የሚያደርግ እግዚአብሔር ነው፤ ይህን የፈረንጅ ፈሊጥ ተወው» አሉት። እርሱም በሁለቱ ቃል መካከል ተጨንቆ፥ «ድንጋዩ በሕጉ ከወደቀ እግዚአብሔር ምን ያደርጋል? እግዚአብሔር ከጣለው ደግሞ ሕጉ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን።

በዚያን ጊዜ አጭር መልስ ሰጥተን አሰናበትነው። ነገር ግን መልሳችን ራሳችንን እንኳ አላረካንም። ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ቆይተን ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ካህኑና መምህሩ በተለያየ አፍ የሚናገሩ የሚመስለው ወጣት ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይመስለዋል፤ የሚተወውም አብዛኛውን ጊዜ በፈተና የማይጠየቅበትን ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ጥቂት ለማለት ወደድን።

አስቀድሞ ትምህርቱ የሚለውን መስማት ይገባል፤ ያልሰሙትን መንቀፍ የዳኛ ሥራ አይደለምና። ይስሐቅ ኒውተን የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ስለ እንቅስቃሴ 3 ሕጎችን አቆመ። መጀመሪያው፥ የቆመ ነገር የሚያንቀሳቅሰው ካላገኘ እንደ ቆመ ይኖራል፤ የሚሄድም ነገር የሚያግደው ወይም የሚያዞረው ካላገኘ በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ኃይል ያረፈበት ነገር ፍጥነቱ እንደሚለወጥ፥ ለውጡም በኃይሉ ብዛት እንደሚበዛ፥ በነገሩ ግዝፈት ደግሞ እንደሚያንስ ይናገራል። ሦስተኛው የሚገፋ ሁሉ በዚያው ልክ እንደሚገፋ ያስረዳል፤ በጣና ላይ ታንኳውን ከዳር ለማላቀቅ ምድሩን በዘንጉ የሚገፋ ቀዛፊ ይህን ሕግ ሳይማረው ያውቀዋል። በነዚህም ላይ ኒውተን የስበትን ሕግ ጨመረ፤ ይኸውም ፍሬን ከዛፍ የሚያወርደው ኃይልና ጨረቃን በመንገዷ የሚይዛት ኃይል አንድ መሆኑ ነው።

ከዚያም በኋላ ጁል የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ዓመታት የሚወርድ ክብደት በውኃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞር አድርጎ፥ ውኃው በመዞሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። 1 ኪሎ ውኃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ427 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት እንደሚያስፈልግ ታወቀ። በዚህና ይህን በመሰለው ምርምር ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ ከምንም እንደማይገኝ፥ ወደ ምንምም እንደማይጠፋ ተረጋገጠ። ሙቀትም በራሱ ፈቃድ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል እንጂ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው አይመለስም። ትምህርቱ ብዙ ቅርንጫፍ ቢኖረውም ለነገራችን ይህ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከመቅደስ የራቀ ነገር የሚመስለው ቢኖር በካህኑ እጅ ያለውን ጽና ይመልከት። ጽናው በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ በዝግታ ሲወዛወዝ፥ ፍሙ ቢበዛም ቢያንስም ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሰንሰለቱ ሲረዝም ወይም ሲያጥር ነው። ከመያዣው እስከ ክብደቱ መካከል 1 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 2 ሰኮንድ ያህል ይሆናል፤ ቁመቱን ሩብ ቢያደርጉት ደግሞ 1 ሰኮንድ። የጣሊያኑ ሊቅ ጋሊሌዎ ይህን ያስተዋለው በፒዛ ካቴድራል የተንጠለጠለ መብራት ሲወዛወዝ አይቶ እንደ ሆነ ደቀ መዝሙሩ ጽፏል። ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ነገሩ ግን በማናቸውም ቤተ ክርስቲያን ቢመረመር እውነት ሆኖ ይገኛል።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለው ትምህርት ከአባቶቻችን ደጅ ውጭ የተወለደ ይመስለናል። ዳሩ ግን በ6ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ፥ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከማይቀበሉት ወገን የሆነ፥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ክርስቲያን ፈላስፋ ነበረ። በዘመኑ የአርስጣጣሊስ ቃል በሊቃውንት ዘንድ እጅግ የከበረ ነበር። አርስጣጣሊስም፥ የተወረወረ ፍላጻ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚሄደው አየሩ ከኋላው እየገፋው ነው፤ ከባድ ነገርም ከቀላሉ ይልቅ በክብደቱ ልክ ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ አስተምሮ ነበር። ዮሐንስ ግን አየሩ የሚያግድ እንጂ የሚገፋ አይደለም፤ ወርዋሪው ራሱ ለፍላጻው ኃይል ይሰጠዋል አለ። ክብደታቸው እጅግ የሚበላለጥ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁም በመውደቂያ ጊዜያቸው መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑን በዓይን የታየ ምስክር አድርጎ አቀረበ። ይህም ጋሊሌዎ ነገሩን ከማንሣቱ በፊት 1000 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው፤ ጋሊሌዎም በጽሑፉ የዮሐንስን ስም ያነሣል።

ወደዚህ ያደረሰው ሃይማኖቱ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። ሰማያትን እንደ አማልክት ለሚያዩት አሕዛብ ፈላስፎች የሰማዩ አካል ሌላ፥ የምድሩ ሌላ ነበር። ዮሐንስ ግን ሁለቱም የአንድ ፈጣሪ ሥራ ስለ ሆኑ አንዱ አምላካዊ፥ ሌላው የተናቀ ሊሆን እንደማይችል ተናገረ። ስለ ሥነ ፍጥረት በጻፈው መጽሐፍም፥ ፈጣሪ በመጀመሪያ ለሰማያት የመንቀሳቀሻ ኃይል ሰጣቸው እንጂ መላእክት ዕለት ዕለት የሚገፏቸው አይደሉም ብሎ አስተማረ። እውነቱን እንዳንሸሽግ ግን፥ ይህ ሰው በኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው ስቶ ሦስት አማልክት ወደ ማለት ስላዘነበለ ኬልቄዶንን የማይቀበሉት ወገኖቹ እንኳ አወገዙት። ስሙን ያነሣነውም እንደ ቅዱስ አባት አይደለም። ስለ ሥላሴ የሳተ ሰው ስለ ድንጋይ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ስለ ሥላሴ የቀናም ሰው ስለ ድንጋይ ሊሳሳት ይችላል። ይህን ሁለተኛውን መቀበል ለእኛ ለካህናት ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

ማንም የማይጠራጠርበት አባት ታላቁ ባስልዮስ ደግሞ፥ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲተረጕም፥ የመጀመሪያው የፈጣሪ ትእዛዝ በፍጥረት ውስጥ ጸንቶ እንደሚሠራ ለማስረዳት ልጆች የሚያሾሩትን ሽክርክሪት ምሳሌ አድርጓል፤ አንድ ጊዜ ካሾሩት እጅ ከለቀቀውም በኋላ መዞሩን ይቀጥላልና። የእኛው መጽሐፈ ሄኖክም የሰማይ ብርሃናት ከሥርዓታቸው እንደማይተላለፉ፥ ዛፎችም በየወራታቸው እንደሚለመልሙ ካሳየ በኋላ ትእዛዝ አፍራሽ የሆኑትን ሰዎች ይወቅሳል። ለሄኖክ የፍጥረት አለመለዋወጥ የእግዚአብሔር መራቅ ምልክት አልነበረም። ፍጥረት የሚታዘዝለት ጌታ ስላለው ነው የማይለዋወጠው።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካህን ሁሉ ይህን በተግባር ያምናል። የጾመ ነነዌን መግቢያ ለማግኘት አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ፥ ሁለቱም ተደምረው 30 ሲሆኑለት፥ 19ኙን ዓመት በንኡስ ቀመር፥ 532ቱንም በዐቢይ ቀመር ሲቈጥር፥ ፀሐይና ጨረቃ ነገም እንደ ትናንቱ እንደሚሄዱ ተማምኖ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር የሚገጥመው በዓል ስለምናከብርበት አይደለም፤ በዓሉን የምናወጣው ስለሚገጥም ነው። እንግዲህ ገና ስላልደረሰ ዘመን በዓላትን ጽፎ የሚያስቀምጥ ካህን የተፈጥሮ ሕግ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው ቢል የገዛ ቀመሩን ማፍረሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በመማሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ሕግና በፍጥረት ውስጥ ያለው ሥርዓት አንድ አይደሉም። የተጻፈው ሰው ያየውን ያህል የቀረጸው ነው፤ ስለዚህም ይታረማል። በትምህርት ቤት ሜርኩሪ የሚባለው፥ ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ፕላኔት፥ በኒውተን ሕግ ከሚጠበቅበት መንገድ በ100 ዓመት ውስጥ በ43 የማዕዘን ሰኮንድ ፈቀቅ ይል ነበር። 1 ዲግሪ 3600 እንዲህ ያለ ሰኮንድ ስለሆነ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሊቃውንቱ ግን አልናቁትም፤ በ1915 አይንሽታይን ከኒውተን የሰፋ የስበት ትምህርት እስኪያመጣ ድረስ ሲያሳስባቸው ኖረ። ተማሪዎች ዛሬም ኒውተንን መማራቸው ለድንጋይ፥ ለድልድይና ለውኃ ግድብ ስለሚበቃ ነው።

በየጉባኤው ስለምንማራቸው ስለ አራቱ ባሕርያት፥ ስለ እሳት፥ ስለ ነፋስ፥ ስለ ውኃና ስለ መሬት፥ የሚነሣው ክርክርም በዚሁ የሚፈታ ይመስለናል። ተማሪው በትምህርት ቤት 118 ንጥረ ነገሮች ተቈጥረው ያገኛል። አባቶች ግን አራቱን ባሕርያት የጠቀሱት፥ በዘመናቸው ሊቃውንት ሁሉ በሚያውቁት ቋንቋ፥ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነገሮች በሰው ሥጋ ውስጥ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው መኖራቸውን ሊያሳዩ ነው። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ለኬሚስትሪ ፈተና ግን አልተጻፈም። ይህን ባለመለየት የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1633 በጋሊሌዎ ላይ ፈረደች፤ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስሕተት መሆኑን በ1992 ሲያምኑ 359 ዓመት አልፎ ነበር። ፍርዱ የእኛ ባይሆንም ልንመጻደቅበት አይገባንም፤ የአገራችን ወጣት በየቤቱ ስንት ጊዜ «ተወው» እንደ ተባለ የቈጠረ የለምና።

በሌላው በኩል ደግሞ ሃይማኖትን የረዱ መስሏቸው የሚጐዱ አሉ። ሊቃውንት ያልደረሱበትን ጐድጓዳ ስፍራ ፈልገው «እግዚአብሔር እዚህ አለ» ይላሉ። ኒውተን ራሱ እንዲህ አድርጎ ነበር፤ ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው ሲሳሳቡ መንገዳቸው ጥቂት በጥቂት ስለሚዛባ ፈጣሪ በየጊዜው ያስተካክለዋል ብሎ ያስብ ነበር። የጀርመኑ ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1715 ይህ አባባል እግዚአብሔርን የሠራውን ሰዓት ደጋግሞ የሚጠግን ደካማ ሠራተኛ ያስመስለዋል ብሎ ተቃወመ። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ላፕላስ የተባለ ፈረንሳዊ፥ ጁፒተርና ሳተርን በሚባሉት ፕላኔቶች ላይ የታየው ዋነኛ መዛባት ጊዜውን ጠብቆ ራሱ እንደሚመለስ በስሌት አሳየ። ጐድጓዳው ሲሞላ በዚያ ውስጥ እግዚአብሔርን ያስቀመጡት ሰዎች አምላካቸውን ያጡ መሰላቸው። በ1951ም የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ፥ ዓለም ከአንድ መነሻ ተዘርግቷል የሚለው የሊቃውንት ትምህርት ለመጽሐፍ ምስክር እንደ ሆነ በተናገሩ ጊዜ፥ የዚያ ትምህርት ጀማሪ የነበረው ቤልጅጋዊ ካህን ዦርዥ ለሜትር ደስ አላለውም፤ ካህን ሳለ የሁለቱን ነገር መቀላቀል አልወደደም። እኛም እንደ እርሱ ጥንቁቆች ብንሆን ይሻለናል። እግዚአብሔር የሚያኖረን ባወቅነው ነገር ውስጥ ጭምር ነው።

እንግዲህ ሁሉ በሕግ ከሄደ ጸሎት ምን ይጠቅማል? ተአምርስ ወዴት አለ? ይህ የልጁ ጥያቄ ሥሩ ነው። ሕጉ የሚለው፥ ድንጋይ ሌላ ነገር ካላገኘው ይወድቃል ነው። ከሚወድቀው ድንጋይ በታች እጃችንን ብንዘረጋ ድንጋዩ በእጃችን ላይ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ ሕጉ አልፈረሰም፤ አንድ ሌላ ምክንያት፥ ይኸውም የእኛ ፈቃድ፥ በመካከሉ ገባ። የሰው ፈቃድ ሕጉን ሳያፈርስ ድንጋይ ከያዘ የፈጣሪ ፈቃድ ከገዛ ፍጥረቱ በር ላይ ሊዘጋበት የሚችል ማነው? ተአምርም ተአምር መሆኑ የሚታወቀው ሕግ ስላለ ነው። ሰዎች በባሕር ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚሰጥሙ፥ አንዳንድ ጊዜ የማይሰጥሙ ቢሆን ኖሮ የጴጥሮስ በውኃ ላይ መራመድ ማንን ያስደንቅ ነበር? የተፈጥሮን ሕግ የሚክድ ሰው ተአምርን የሚያስከብር ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ሁሉን ማደባለቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ነው ልባችንን የሚያሳስበው። ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ወደ ታች ራሱን እንዲጥል ሲፈትነው መዝሙር ጠቅሶ ነው። የመላእክትን ጥበቃ ተስፋ አቅርቦ፥ የድንጋይን ሕግ እንዲንቅ ጋበዘው። ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ መውረድ አይሳነውም ነበር፤ ግን አልዘለለም፤ ይህም እግዚአብሔርን መፈታተን መሆኑን አስታወቀ። በእምነት ስም የፍጥረትን ሕግ መናቅ የማን ምክር እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የደብረ ዳሞ መነኮሳት ይህን ያውቃሉ። አቡነ አረጋዊ ወደ ተራራው የወጡት በእግዚአብሔር ትእዛዝ ዘንዶ ተሸክሟቸው እንደ ሆነ በገድላቸው ተጽፏል። ከእርሳቸው በኋላ ግን መነኮሳቱ ዘንዶ አልጠበቁም፤ 15 ሜትር ያህል የሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣሉ፤ ገመዱም ሲያረጅ ይለወጣል። ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ ሰው 2 ሰኮንድ ሳይሞላ ከመሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መነኩሴም ቢሆን ሽፍታም ቢሆን ያው ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ዕቃው የወጣበት መወጣጫ ተዳፋት ተሠርቶ፥ ሥራው ሲፈጸም በጻድቁ ትእዛዝ እንደ ፈረሰ ይተረካል። ተዳፋት የሚያደርገውን ፊዚክስ ያስተምራል፤ 15 ሜትር ከፍታ 150 ሜትር በሆነ ተዳፋት ቢወጡት፥ ፍትጊያውን ሳይቈጥሩ፥ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 10ኛ እጅ ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን 10 ዕጥፍ ይረዝማል፤ ጠቅላላ ድካሙ አይጐድልም። ጻድቁ በዘንዶ፥ ድንጋዩ በተዳፋት ወደ አንድ ተራራ ወጡ፤ ገዳሙም ሁለቱንም ሳያፍርበት ይተርካል።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ ነገሩ ያሳዝናል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 21 ቀን፥ በእመቤታችን በዓል፥ በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በግንባታው ላይ የነበረው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ሊያመሰግኑ የመጡ ነበሩ። በዚያን ሰሞን ከአንዳንድ አፍ የወጣውን ሰምተናል፤ ይህ የኃጢአት ቅጣት ነው ያሉ ነበሩ፤ ጊዜያቸው ስለ ደረሰ ነው፥ ሌላ ምንም የለም ብለው የዘጉም ነበሩ። ለመጀመሪያዎቹ ጌታችን አስቀድሞ መልሷል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፥ የሰሚዎቹን ዓይን ከሟቾቹ ወደ ራሳቸው መለሰ።

ለሁለተኛዎቹ የምንለው ይህ ነው። እንጨት የተሸከመውን ሰው ጸሎተኛ መሆኑን አይጠይቅም። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 100 ሰዎች 60 ኩንታል ናቸው፤ በበዓል ቀንም 60 ኩንታል ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ጭነቱ ከዚያ ይበልጣል። ጋሊሌዎ ተፈርዶበት በቤቱ ታስሮ ሳለ ያዘጋጀው፥ በ1638 የታተመው መጽሐፍ፥ የሚወድቅ ነገር ሕግ የተጻፈበት ነው፤ ያው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ተሸካሚ ወጋግራ ብርታት ይናገራል። ወጋግራው ወደ ጐን በዕጥፍ ቢሰፋ ብርታቱ 2 ዕጥፍ ይሆናል፤ ወደ ላይ በዕጥፍ ቢወፍር ግን 4 ዕጥፍ ይሆናል፤ በሁለቱ ድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት ዕጥፍ ቢሆን ደግሞ የሚሸከመው በግማሽ ይቀንሳል። ሳንቃን በጠርዙ አቁሞ የሚያጋድም አናጢ ይህን በልማድ ያውቀዋል። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ባለበት በዚህ ጊዜ፥ ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንዱ ይህን የሚያውቅ ቢሆን፥ ባይኖርም የሚያውቀውን ቢጠይቁ፥ ርብራቡ ከመጽናቱ በፊትም ሕዝቡን ከበታቹና ከላዩ ቢያርቁ፥ ይህ እምነት ማጉደል አይደለም። እናት ልጇን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትልክ ለታቦቱም ለእኛም አደራ ሰጥታለች፤ ከአደራው የእኛ ድርሻ የሆነውን ወደ ታቦቱ መግፋት አይገባንም።

ያም ሆኖ ልጇ በዚያ የቀረባት እናት፥ «ሕጉ ለምን ለእርሱ አልራራም?» ብላ ብትጠይቀን የሚያጽናናት መልስ አለን አንልም። ፀሐይ ለደጉም ለክፉውም እንደሚወጣ፥ ዝናብም ለሁለቱ እንደሚዘንብ እናውቃለን፤ ምድር የጻድቁን እርምጃ የምትሸከምበት ሕግ የሌባውንም እንደምትሸከምበት እናውቃለን፤ ሕጉ ለሰው ፊት የሚያዳላ ቢሆን ገበሬ ዘርቶ፥ ግንበኛ ገንብቶ፥ ሐኪምም መድኃኒት መዝኖ ሊያድር እንደማይችል እናውቃለን። ይህ ግን በልቅሶ ቤት የሚነገር አይደለም፤ በዚያ አብሮ ማልቀስ ይበልጣል። ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ።

በዚያው በአልዓዛር መቃብር ሌላም ነገር እናያለን። የአራት ቀን ሬሳ በቃሉ የሚያስነሣ ጌታ፥ በመቃብሩ አፍ ያለውን ድንጋይ ግን ሰዎች እንዲያነሡ አዘዘ። ድንጋይ ማንሣት የሰው ክንድ የሚችለው ነው፤ የድንጋዩም ክብደት፥ ፍትጊያውም፥ የክንዳቸውም ኃይል በሕጉ መሠረት ነበረ። ሙት ማስነሣት የእርሱ ነበረ። ዘመዶቹ «አንተ ሁሉን ትችላለህና ድንጋዩንም አንተው አንሣው» ብለው ቢቆሙ ኖሮ ምን እንደሚሆን አልተጻፈልንም።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት ያን ዲያቆን አስጠርተን አነበብንለት። አዳምጦ ሲጨርስ ስለ ፊሎፖኖስም ስለ ኒውተንም አልጠየቀንም። የጠየቀን፥ ካህኑ ሲያጥኑ የጽናውን መመላለስ መቍጠር ኃጢአት ነውን? የሚል ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ጸልይ፤ ንዋየ ቅድሳትም መጫወቻ አይደለምና ቤትህ ስትገባ ድንጋይ በሲባጎ አንጠልጥለህ ቍጠር አልነው።

በሳምንቱ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሲባጎው እስከ ቋጠሮው ድረስ 64 ሳንቲ ሜትር ነበር። በመምህሩ ስሌት ድንጋዩ 40 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 64 ሰኮንድ ሊፈጅ ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን ሦስት ጊዜ ቈጥሮ ሦስቱንም ጊዜ 66 አገኘ። ሕጉ ተሳስቶ እንደ ሆነ ወይም እርሱ ተሳስቶ እንደ ሆነ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ድንጋዩን ተቀብለን አየነው፤ ከቋጠሮው እስከ መካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ያንን አልለካውም ነበር።